ነጋዴ ወደ ጠፈር ሲወጣ ይታመናልን?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አንዱ ያደረገው ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ከደመና በላይ ያለ ይምሰል እንጂ በየገበያው የታወቀ ነው። ዕቃውን ወደ ሩቅ አገር የሚልክ ሰው አስቀድሞ «ጭነቴን ለማን አደራ ልስጥ?» ብሎ ይጠይቃል። በዘመናችን ሰውንና ዕቃን ወደ ጠፈር የሚያደርሱ የግል ኩባንያዎች ስለ ተነሡ፥ መንግሥታትም ይህንኑ ይጠይቃሉ። ትርፍ ፈላጊ ነጋዴ የሰው ሕይወትና የሕዝብ ገንዘብ አደራ ሊጣልበት ይገባልን? ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን የአሜሪካ ታሪክ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ፥ «የመንግሥት ከሆነ ይታመናል፤ የነጋዴ ከሆነ አይታመንም» የሚለው አሳብ ትክክል አይደለም። ናሳ የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የጠፈር መሥሪያ ቤት ከ1981 እስከ 2011 በራሱ መንኰራኩሮች ታላቅ ሥራ ሠርቷል። ነገር ግን ቻሌንጀር በ1986፥ ኮሎምቢያ በ2003 በደረሰባቸው አደጋ 14 ሰዎች ሞተዋል። መንኰራኩሮቹ ሥራ ካቆሙ በኋላም አሜሪካኖች ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚደርሱት እስከ 2020 ድረስ በሩሲያው ሶዩዝ ብቻ ነበር። የአንድ ሰው መሳፈሪያ በመጨረሻ እስከ 90 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ።

ስለዚህ ናሳ ሌላ መንገድ ያዘ። ቀድሞ የሠሪውን ወጪ ከነትርፉ ይከፍል የነበረው መሥሪያ ቤት፥ አሁን በቁርጥ ዋጋ ተዋዋለ፤ ወጪው ቢበዛ ኪሣራው የኩባንያው ነው። በ2008 ዕቃ ለማመላለስ ከስፔስኤክስና ከኦርቢታል ሳይንስስ ጋር ተስማማ። በ2014 ደግሞ ሰው ለማመላለስ ለቦይንግ እስከ 4.2 ቢሊዮን፥ ለስፔስኤክስ እስከ 2.6 ቢሊዮን ዶላር ሊከፍል ውል ገባ።

ታዲያ ኩባንያዎቹ እንከን የሌለባቸው ነበሩን? አልነበሩም። የስፔስኤክስ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሮኬቶች ከሽፈው በ2008 የተሳካው አራተኛው ነው። በ2014 የኦርቢታል ሮኬት ከመሬት በተነሣ በጥቂት ሴኮንድ ፈነዳ። በ2015 ደግሞ ዕቃ ጭኖ የተነሣው ፋልከን 9 ሁለት ደቂቃ ተኩል ሳይሞላው በአየር ላይ ተበታተነ። ኩባንያው መርምሮ፥ የሂሊየም ሲሊንደር የያዘ አንድ የብረት ድጋፍ ሊሸከም ከሚገባው እጅግ ባነሰ ኃይል ተሰብሯል አለ። የናሳ መርማሪዎች ግን፥ ለጠፈር ሥራ ያልተዘጋጀ ብረት በበቂ ሳይፈተን መመረጡ ራሱ የንድፍ ስሕተት ነው ብለው ፈረዱ። ጓደኞቼ ሆይ፥ ሠሪው ራሱን ሲመረምርና ሌላ ዓይን ሲመረምረው ያለውን ልዩነት ከዚህ ተመልከቱ። የናሳ ምርመራ አጭር መግለጫ ለሕዝብ የወጣው በ2018 መሆኑ ግን አያስመሰግንም።

በ2016 ሌላ ፋልከን 9 ገና ከማስወንጨፊያው ሳይነሣ ፈንድቶ አሞስ 6 የተባለውን ሳተላይት አቃጠለ። ሳተላይቱ ከሰሐራ በታች ላሉ የአፍሪካ አገሮች ኢንተርኔት እንዲያደርስ ታስቦ ስለ ነበረ፥ ጉዳቱ የባለንብረቶቹ ብቻ አልነበረም።

ስፔስኤክስ በ2020 ሁለት ሰዎችን በደኅና አድርሶ መለሰ። ለቦይንግ ግን ነገሩ አልቀናውም። በ2024 ስታርላይነር ሁለት ሰዎችን ለስምንት ቀን ያህል ይዞ ሲወጣ ሂሊየም ፈሰሰበት፤ ከትንንሽ ሞተሮቹም አንዳንዶቹ እምቢ አሉ። ቦይንግ «ያደርሳቸዋል» ቢልም ናሳ አልተቀበለም። መንኰራኩሩ ባዶውን ተመለሰ፤ ሰዎቹም ከዘጠኝ ወር በላይ ቈይተው በመጋቢት 2025 በስፔስኤክሱ ድራገን ገቡ። በቁርጥ ዋጋው ምክንያት ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆነው ኪሣራም በቦይንግ ላይ ወደቀ። አባቶቻችን «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ያሉት ለዚህ ነው። ሁለተኛ ኩባንያ ባይኖር ኖሮ እምቢ ማለት እንዴት በከበደ ነበር!

ይህ ነገር እኛንም ይመለከታል። ኢትዮጵያ የራስዋ ሮኬት ስለሌላት የመጀመሪያዋን ሳተላይት በ2019 የላከችው በቻይና ሮኬት ነው። ነጋዴዎች በውድድር ዋጋ ሲቀንሱ፥ ተመልሶ በሚያርፍ ሮኬትም ደጋግመው ሲጭኑ፥ እንደ እኛ ያለ አገር የሚመርጠው ይበዛለታል። ሌሎቹ ተሸንፈው አንድ ብቻ ከቀረ ግን፥ አሜሪካ በሶዩዝ ዘመን እንደ ሆነችው ዋጋ ጠሪው እርሱ፥ ከፋዩ እኛ እንሆናለን።

እንግዲህ ከመካከላችን ነገ መሐንዲስ፥ ሒሳብ ተቈጣጣሪ ወይም ሕግ ዐዋቂ የሚሆን ሁሉ ውል ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ሥራውን ከሠሪው ሌላ የሚመረምረው ማን ነው? ጥፋት ሲደርስ ለሕዝብ ይገለጣልን? ይህ ቢወድቅ የሚተካው አለን? መታመን የሚገኘው ባለቤቱ መንግሥት ወይም ነጋዴ በመሆኑ ሳይሆን፥ ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ደኅና መልስ ሲኖር ነው።