አፕዴት የቆመበት ኮምፒውተር

ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ፣ የቤታችሁ ኮምፒውተር በዊንዶውስ 7 ወይም 10 የሚሠራ ከሆነ ይህን ስሙ። ማይክሮሶፍት ለ7 ድጋፉን ጥር 5 ቀን 2012፣ ለ10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ ደብዳቤም ይጻፍበታል፤ አደጋው አዲስ የሚገኝ የደህንነት ቀዳዳ ሳይደፈን መቅረቱ ነው። ግንቦት 2009 ዋናክራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም ዓለምን ያመሰው፣ ቀዳዳውን የሚደፍነው አፕዴት ከወጣ ከሁለት ወር በኋላ፣ እሱን ባልጫኑት ኮምፒውተሮች ገብቶ ነበር።

ቫይረስ በፍላሽም ይመጣል። ከፎቶ ኮፒ ቤት ተመልሶ ሲሰካ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ይገኛል። አትክፈቱት፤ ፋይሉ ብዙ ጊዜ ተደብቆ እንጂ ጠፍቶ አይደለምና በአንቲቫይረስ አስፈትሹት።

ዊንዶውስ 10 ያላችሁ፣ ሴቲንግ ገብታችሁ አፕዴት የሚለውን ክፈቱ፤ በማይክሮሶፍት አካውንት ከተመዘገባችሁ የደህንነት አፕዴት እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ይቀጥልላችኋል። በ7 ግን የባንክ ነገር አትሥሩበት፤ ይህ ቁርጥ ያለ ምክሬ ነው። ለዊንዶውስ 11 አቅም ባነሰው ማሽን ላይ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት የተባለውን ሥርዓት በነፃ መጫን ይቻላል። በቴሌግራም የሚዞረውን «አፕዴት» ግን አደራ፣ አትጫኑ። ከሁሉ በፊት ፎቶና ሰነዳችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ።