«ኤች» ማን ነበር? ትልቁን ሌባ ስንፈልግ ትንሹን የምናሳልፍ ትውልድ

(ለንደን ውስጥ ለወጣት አባላት የተደረገ ንግግር፤ ለገጻችን ተከታታዮች በጽሑፍ የቀረበ)



ዛሬ ስለ ዓድዋ እናወራለን ብላችሁ ከመጣችሁ ይቅርታ። የማወራችሁ ስለ አንድ የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ድራማ ነው። አውቃለሁ፣ «ይሄ ሰውዬ ምን ነካው?» የሚል ፊት ከወዲህም ከወዲያም እያየሁ ነው። ትንሽ ታገሱኝ። ዞሮ ዞሮ የሚመጣው እኛው ጋ ነው።

ሚያዝያ 24 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ሜይ 2 ቀን 2021፣ ፋሲካ ነበር። እዚህ አገር የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ በኮሮና ምክንያት ሰው ቤት ገብቶ መጠያየቅ ገና አልተፈቀደም። ዶሮውን በየቤታችን ፈስከን፣ እንኳን አደረሳችሁን በስልክ ተባብለን፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ቴሌቪዥናችን ፊት ተቀመጥን። የ«ላይን ኦፍ ዲዩቲ» ስድስተኛው ሲዝን የሚያልቅበት ምሽት ነበር። ያን ማታ በአማካይ 12.8 ሚሊዮን ሰው አይቶታል። «ሶፕ» የሚሏቸውን የዘወትር ድራማዎች ትተን፣ አሁን ያለው የተመልካች አቆጣጠር ከተጀመረበት ከ2002 ወዲህ በዚያ አገር ይህን ያህል ተመልካች ያገኘ የድራማ ክፍል አልነበረም።

ላላያችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ድራማውን የጻፈው ጄድ መርኩሪዮ ነው። በ2012 በቢቢሲ ቱ ተጀመረ፣ በኋላ ወደ ቢቢሲ ዋን አደገ። ታሪኩ ፖሊስን ስለሚመረምር ፖሊስ ነው። «ኤሲ 12» የሚባል የፀረ ሙስና ክፍል አለ። አለቃው ቴድ ሄስቲንግስ ነው፤ ሥር ስቲቭ አርኖትና ኬት ፍሌሚንግ አሉ። ሥራቸው የገዛ ባልደረቦቻቸውን መመርመር ስለሆነ ማንም አይወዳቸውም። አስቡት፣ ካንቲን ውስጥ ሲገቡ ወሬ የሚቋረጥባቸው ሰዎች ናቸው።

ሕዝቡን ያሳበደው ደግሞ እንቆቅልሹ ነው። ዶት ኮታን የሚባል፣ እዚያው ፀረ ሙስና ክፍል ውስጥ ተሰግስጎ ለወንበዴዎች የሚሠራ መርማሪ ነበር። ሊሞት ሲል በጣቱ አራት ጊዜ መታ መታ አደረገ። በሞርስ አራት ነጥብ «ኤች» የሚለው ፊደል ነው። አራት ነጥብ፣ አራት ሰዎች። ሦስቱ ታወቁ። አራተኛው ማነው? ስንት ዓመት ሙሉ ሰው በየሥራ ቦታው በዚህ ሲከራከር ኖረ። አንዱ «ትልቁ የፖሊስ አዛዥ ነው» ይላል። ሌላው «ራሱ ሄስቲንግስ ነው» ይላል። እኔም የራሴ ግምት ነበረኝ፤ ከጓደኛዬ ጋር በቡና ተወራርጄ ተበላሁ።

በመጨረሻ የምርመራው ክፍል በር ተከፈተና አራተኛው ሰው ገባ። ኢያን በክልስ!

በክልስ ማለት ከመጀመሪያው ሲዝን ጀምሮ ስንስቅበት የነበረው ሰውዬ ነው። ሰነፍ፣ ሥራ የማይችል፣ ግን ማዕረጉ ዝም ብሎ የሚያድግለት። የተያዘውም በትልቅ ስህተት አይደለም። ለወንበዴዎቹ በሚጽፈው መልእክት ውስጥ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሁልጊዜ አንድ ፊደል አሳስቶ ይጽፍ ነበር፤ ያቺ ፊደል አጋለጠችው። የወንበዴዎቹ አንጎል እሱ አልነበረም። ትእዛዝ ተቀብሎ ትእዛዝ የሚያሳልፍ፣ ኮሚሽኑን የሚቆርጥ ተላላኪ ነው። መርማሪዎቹ ራሳቸው የደረሱበት ነገር ይኸው ነው፤ ሙስናው ለዓመታት ስንፍና መስሎ አለፈ።

በዚያው ሌሊት ትዊተር ተቃጠለ። «ለዚህ ነው እንዴ ስንት ዓመት የጠበቅነው?» ያለ አለ። የ«ጌም ኦፍ ትሮንስ»ን መጨረሻ እያስታወሰ «እንደገና ተሸወድን» ያለ አለ። በፊደል ግድፈቱ የቀለደው ለቁጥር ያስቸግራል። ጥቂቶች ግን ሌላ ነገር አሉ፦ «ከዚህ የበለጠ እውነት በቴሌቪዥን አላየሁም።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ያን ማታ ከተናደዱት ጋር ነበርኩ። ሪሞቱን ሶፋው ላይ ወርውሬ ነው የተኛሁት። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ከዚያ ወዲያ የመጣው ነገር ነው።

ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ጁን 15 ቀን 2021፣ አንድ የእውነት ሪፖርት ወጣ። ዳንኤል ሞርጋን የሚባል የግል መርማሪ ነበር። በማርች 1987 ደቡብ ምሥራቅ ለንደን፣ ሲደንሃም ውስጥ፣ በአንድ መጠጥ ቤት የመኪና ማቆሚያ በመጥረቢያ ተገደለ። ፖሊስ ደጋግሞ መረመረ፤ በግድያው የተፈረደበት አንድም ሰው የለም። ወንድሙ አላስቴር ሞርጋን አሥርተ ዓመታት በየቢሮው ደጅ ጠና። በ2013 መንግሥት ገለልተኛ ቡድን አቋቋመ፤ ቡድኑ ስምንት ዓመት ሠራ። ከ1,200 ገጽ በላይ የሆነው ሪፖርት የለንደን ፖሊስን «ተቋማዊ ሙስና» አለበት አለው።

እስቲ «ተቋማዊ ሙስና» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። ቡድኑ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሁሉን የሚያዝ አንድ «ኤች» አገኘን አላለም። መሥሪያ ቤቱ ከእውነቱ ይልቅ ስሙን አስቀደመ፣ ጉድለቱን ሸፈነ ነው ያለው። የዚያን ጊዜዋ የፖሊስ አዛዥ ድምዳሜውን አልተቀበሉትም። በ2023 ግን መሥሪያ ቤቱ ቤተሰቡን ይቅርታ ጠይቆ ካሳ ለመክፈል ተስማማ። ከግድያው 36 ዓመት በኋላ ማለት ነው!

ያንን ሪፖርት ሳነብ ነው በክልስ የገባኝ። በአበው ቋንቋ፣ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በክልስ እያሳቀን ወሰደን።

አሁን ጥያቄው ይሄ ነው፦ 12 ሚሊዮን ሰው ለምን ትልቅ ሰይጣን ፈለገ? እኔስ ለምን ፈለግኩ?

ትልቅ ሰይጣን ደስ ስለሚል ነው። አንድ ብልህ፣ ኃይለኛ፣ የተደበቀ ሰው ካለ፣ እሱን ይዘን እናስራለን፣ በቃ፣ አገር ሰላም ይሆናል። እኛም ንጹሕ እንሆናለን፤ ጥፋቱ የሱ ነዋ! በክልስ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። በክልስን ማን ሾመው? ሥራ እንደማይችል እያወቀ ማን ዝም አለ? ከጎኑ ተቀምጦ የሳቀው ማነው? ጥያቄው ከአንድ ሰው አልፎ ቢሮ ሙሉ ሰው ይነካል። ሰው የተናደደው በድራማው ብቻ ሳይሆን ይሄ ጥያቄ ወደራሱ ስለዞረበት ጭምር ይመስለኛል።

ለተመልካቹም ፍትሐዊ ልሁን። አንዱ ንዴት ትክክል ነበር። ድራማው ሲያልቅ በስክሪኑ ላይ በጽሑፍ የነገረን ምንድነው? ሙሰኛው እጁ ተይዟል፤ የፀረ ሙስና ክፍሉ ግን ከመቼውም ጊዜ ይልቅ አቅም አጥቷል። አለቆቹ በወንበራቸው ናቸው። በዚያ የተናደደ ሰው በደንብ ገብቶታል። ያ ንዴት እስከ ጠዋት መቆየት ነበረበት። እኛ ግን በፊደል ግድፈት ስንቀልድ አደርን።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ።

የኛን ገጽ ኮሜንት አንብቡ። የትኛውም ዜና ሲለጠፍ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከጀርባው ማነው?» ነው። ባንዳው ማነው? የተደበቀው እጅ የማን ነው? እኔ ጠላት የለም አልልም። የአገራችን ታሪክ ባንዳም ከዳተኛም አይቷል። ግን ትልቁን ባንዳ በቢኖኩላር ስንፈልግ አጠገባችን ያለውን በክልስ አናየውም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት የፈጠረው የውጭ ጠላት አይደለም። እኛው ነን፤ ስንተርተውም ፈገግ እያልን ነው። አገራችን በ1993 ዓ.ም. የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን አቋቁማለች፤ በ2008 ደግሞ የመመርመርና የመክሰስ ሥልጣኑ ወደ ፖሊስና ወደ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተዛውሯል። ከመካከላችን ስንቶቻችን ይሄን እናውቃለን? ስለ ሰዎቹ ሌት ተቀን እናወራለን፤ ስለ ተቋሙ ግን ማን ይጠይቃል?

አንድ የራሴን ልንገራችሁ፤ ሳልናገር ብወርድ ይቆጨኛል። ከዓመታት በፊት በአንድ አነስተኛ ማኅበር ውስጥ ነበርኩ። ለተፈናቀሉ ወገኖች ገንዘብ አሰባሰብን። ገንዘብ ያዡ ጥሩ ልጅ ነው፤ አገሩን ይወዳል፣ ባንዲራ ከእጁ አይጠፋም። ደረሰኝ ግን የለም። «በኋላ አመጣለሁ» ይላል። እኔ ሁለተኛ ፈራሚ ነበርኩ። ያመጣልኝን ወረቀት ሳላነብ ፈረምኩ። ለምን? «የራሳችን ልጅ ነው፣ እንዴት ይጠየቃል?» ብዬ። አንዲት እናታችን፣ በጽዳት ሥራ የሚተዳደሩ፣ በየወሩ 20 ፓውንድ ይሰጡ ነበር። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ተነሥተው «ልጆቼ፣ ገንዘቡ ደረሰ ወይ?» አሉ። ማንም አልመለሰላቸውም። እኔም አልመለስኩም። ዝምታው እስከዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከዚያ በኋላ አልመጡም።

ተሰረቀ? ባከነ? ዛሬም ማረጋገጥ አልችልም፤ የምጠላው ነገር ይኸው ነው። በዚያ ታሪክ ውስጥ ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ አዛዥ የለም። አንድ ደረሰኝ የማይሰበስብ ልጅና አንድ ሳያነብ የሚፈርም ሰው ነው ያለው። ሁለተኛው በክልስ እኔ ነበርኩ።

ሄስቲንግስን ያከበርኩትም ለዚህ ነው። ሕዝቡ በቀልዱና በቁጣው ያስታውሰዋል። በመጨረሻው ክፍል ግን ለማትወደው ተተኪው ራሱ ሄዶ የገዛ ጥፋቱን ተናገረ፤ ከአፉ ባመለጠ ቃል ምክንያት ድብቅ ሥራ ላይ የነበረ ፖሊስ ሞቶ ነበር። ማንም ሳያስገድደው ነው የተናገረው። እኔ ለእኚያ እናት ያንን አላደረግኩም። ዛሬ እናንተ ፊት ማለቴ ትንሽ ዘግይቷል፣ ግን ይሁን።

አንዳንዱ «የራስን ጉድ አደባባይ ማውጣት ለጠላት መሣሪያ ማቀበል ነው» ይላል። እንግሊዞቹ የፖሊሳቸውን ብልሽት በሕዝብ ቴሌቪዥን፣ በሰንበት ምሽት፣ ለ12.8 ሚሊዮን ሰው አሳዩ። አገራቸው ፈረሰች? አልፈረሰችም። ከእነሱ እንማር ስል ግን እናመልካቸው ማለቴ አይደለም፤ የሞርጋን ቤተሰብ 36 ዓመት ጠብቋል። ቴሌቪዥን ማየት ብቻውን ፍትሕ አያመጣም። ያቺን አገር ያስጠየቃት የአንድ ወንድም እልህ ነው። ለእኔ አርበኛ ማለት እንደሱ ያለ ሰው ነው፤ «አይመለከተኝም» ብሎ ቤቱ ያልገባ።

ስለዚህ ከእናንተ ሦስት ነገር እለምናለሁ።

አንደኛ፣ የዚህ ንቅናቄ ገንዘብ በየሦስት ወሩ ገቢና ወጪው በዚሁ ገጽ ይለጠፍ። ሳንቲሟ ሳትቀር፣ ከነደረሰኙ።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ የሚይዝና የሚፈርም ሰው በየዓመቱ ይቀየር። እኔንም ጨምሮ። ጥሩ ሰው ሲሆን ይበልጥ ይቀየር፤ ጥሩ ሰውን ከፈተና ማውጣት ማክበር ነው።

ሦስተኛ፣ ከመካከላችን የሚጠይቅ ሰው ሲነሣ «አንተ የማን ነህ?» አትበሉት። ይሄ ቃል ስንቱን ልጅ እንዳባረረብን እናንተም ታውቃላችሁ። ጥያቄውን መልሱለት። መልስ ከሌለ «የለንም፣ እንፈልጋለን» በሉት።

ልጅ ሆነን የሰማነውን ተረት ታስታውሳላችሁ። ሌባው ሊሰቀል ሲል እናቱን «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ ኖሮ» አላት። እኛም ዛሬ እንቁላሉ ላይ ነን። ገና ትንሽ ነን፣ ገንዘባችን ትንሽ ነው፣ ሥልጣን የለንም። መጠያየቅን የምንለምደው አሁን ነው። ነገ አገር ስንረከብ ካልለመድነው፣ በክልስን ይዘን ቢሮ እንገባለን።

እኚያን እናት ካያችሁልኝ ደግሞ «መልሱን ይዞ ሊመጣ ነው» በሉልኝ።

ኢትዮጵያ በልጆቿ ታፍራና ተከብራ ለዘላለም ትኑር!