መሣሪያው ቢኖር የሚያንቀሳቅሰው ማን ነው?



የምርት ሥራን በኮምፒዩተር ፕሮግራም ማቀድ ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ኮምፒዩተሩ ዋጋ ነው። ዕቅዱን የሚያበላሸው ግን ብዙ ጊዜ ወደ ፕሮግራሙ የሚገባው መረጃ ነው።

ከፎገራ ሜዳ የሚመጣውን ሩዝ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ዩኒየን በሰዓት 10 ኩንታል የሚፈለፍሉ ሁለት ማሽኖች አሉት እንበል። ፕሮግራሙ 20 ኩንታል ብሎ ያቅዳል። ማሽኑን የሚያውቀው ባለሙያ አንድ ብቻ ከሆነ ግን ዕቅዱ በመጀመሪያው ቀን ይዛባል፤ ከጣራ ገዳም ግርጌ ምርቱን ጭኖ የመጣው ገበሬም ወረፋ ሲጠብቅ ያድራል።

ችግሩ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ማፍሰስ ተችሎ ነበር። መድፉን በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ማድረስ ግን መንገድ እየተጠረገ፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው እየጎተተ ወራት ፈጅቷል። የጠበበው በር ከማቅለጫው ውጭ ነበር።

ስለዚህ የእያንዳንዱ ማሽን አቅም ከፋብሪካው መግለጫ ሳይሆን እዚሁ በሰዓት ተለክቶ ይመዝገብ፤ እርጥብ ሩዝ ከደረቁ እኩል አይሄድም። ማን የትኛውን ማሽን እንደሚችል፣ እሱ ሲታመም ማን እንደሚተካውም ይጻፍ። በዓላቱስ? ከውጭ የመጣ ፕሮግራም ወር በገባ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም መሆኑን አያውቅም፤ የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል።

ለመጀመር ኮምፒዩተሩን መጠበቅ አያሻም። ማን፣ በየትኛው ማሽን፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ኩንታል እንደፈለፈለ ከነገ ጀምሮ በመዝገብ ይያዝ።