ሳይንስን ከክፍል ውጭ ስለ መማር
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ አንድ ቴርሞሜትር ልንነግራችሁ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን እስከ መጨረሻው ብትታገሡን ትንሽ አለመሆኑን ትፈርዱልናላችሁ ብለን እናምናለን።

ይህን ንግግር ያዘጋጀነው የሳይንስ ተማሪዎች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን የጨረስነው እዚሁ አዲስ አበባ በአንድ ትምህርት ቤት ነው። አንድ ቀን አስተማሪያችን በላምባ ምድጃ ላይ ውኃ ጥደው ቴርሞሜትር ነከሩበት። ውኃው ተንተከተከ፤ እንፋሎቱም ክፍሉን ሞላው፤ ቴርሞሜትሩ ግን 92 ላይ ደርሶ ቆመ። ጠበቅን። እሳቱ ጨመረ፤ ውኃው ጐደለ፤ ቴርሞሜትሩ ያው 92 ነው። መጽሐፉ ደግሞ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። አስተማሪያችን “ይህስ ተበላሽቷል” አሉና ቴርሞሜትሩን ወደ ሣጥኑ መለሱት። እኛም አንድ ሰው እንኳ ሳይቀር በደብተራችን ላይ 100 ብለን ጻፍን። ከአስሩም አስር አገኘን።

ቴርሞሜትሩ ግን ደኅና ነበር። ውኃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ወለል ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። ከፍ ባልን ቁጥር በላያችን ያለው የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ውኃውም ሳይቸገር ቶሎ ይፈላል። ስለዚህ በእኛ ከተማ 92 ገደማ ትክክለኛው ቁጥር ነው። እናቶቻችን ይህን ነገር በሌላ መንገድ ያውቁታል፤ በደጋ ንፍሮ ቶሎ አይበስልም፤ የሚፈላው ውኃ ሙቀቱ ያነሰ ነውና።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ዛሬ ላይ ሆነን ስናስበው የሚቆጨን ምክንያቱን አለማወቃችን አይደለም። ልጅ ነበርን፤ አለማወቅ ለተማሪ ነውር አይሆንም። የሚቆጨን ያየነውን ትተን ያላየነውን መጻፋችን ነው። በገዛ ዓይናችን ላይ በሐሰት መሰከርን፤ ለዚያም ማርክ ተሰጠን። ከዚያ ቀን በኋላ ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳደረግን እግዚአብሔር ይወቀው። በዚህ ዓይነት የሠለጠነ ልጅ ነገ ሐኪም ሲሆን በሽተኛው የሚነግረውን ትቶ በመጽሐፉ ያለውን ይጽፋል፤ የእርሻ ባለሙያ ሲሆን ገበሬው ያሳየውን አፈር ሳያይ ስለ ሌላ አገር አፈር ያስተምራል። ነገሩ ትንሽ አይደለም ያልነው ስለዚህ ነው።

ይህን ተነጋግረን፥ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ጥቂቶቹን በቅዳሜ ቀን ወደ እንጦጦ ለመውሰድ ተስማማን። ስለ መጀመሪያው ጉዞ እውነቱን እንናገር፤ አልተሳካም። ያላሳካነውም እኛው ራሳችን ነን። ሃያ ያህል ልጆች በጅረት ዳር ደርድረን አስቀመጥንና ስለ ጅረት ለሁለት ሰዓት ያህል ንግግር አደረግን። እነርሱም ደብተራቸውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው የተናገርነውን ሁሉ ጻፉ። ውኃው በአጠገባቸው ሲወርድ ማንም ቀና ብሎ አላየውም። ልንመለስ ስንል አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና “አሁን ውኃውን መንካት እንችላለን?” ብላ ጠየቀችን። ያን ጊዜ ነው ያደረግነው የገባን። ጥቁር ሰሌዳውን ተሸክመን ተራራ ወጥተን ነበር።

በሁለተኛው ጉዞ አፋችንን ዘጋን። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ወንፊት፥ አንድ ነጭ ሳሕን፥ አንድ ማጉያ መነጽርና አንድ ደብተር ሰጠን። “ድንጋይ ገልብጡ፤ ከሥሩ ያገኛችሁትን በሳሕኑ ላይ አድርጋችሁ ቁጠሩ፤ ሣሉ፤ ከዚያ ድንጋዩንም ነፍሳቱንም ወደ ነበሩበት መልሱ” አልናቸው። ሌላ ትእዛዝ አልሰጠንም። ከተማ ባልደረሰበት በላይኛው ጅረት ድንጋዮቹ ሥር ጠፍጣፋ አካልና እንደ ክር የቀጠነ ሦስት ጭራ ያላቸው እጮች አገኙ። ከአሸዋና ከጭቃ በሠሩት ትንሽ ቤት ውስጥ ተሸሽገው የሚኖሩ ሌሎች እጮችም አገኙ። ከሰዓት በኋላ የቀበና ወንዝ ከተማውን ሰንጥቆ ወደሚያልፍበት ወረድንና ያንኑ ሥራ ደገምን፤ እዚያ ግን በባዶ እጅ መንካት ከልክለን በረጅም ዘንግ ላይ በታሰረ ወንፊት አደረግነው። ባለ ሦስት ጭራዎቹ አንድም አልተገኙም። የተገኘው ደም የመሰለ ቀይ ትል ነበር፤ እርሱም እጅግ ብዙ ነው።

“ለምን?” ብለው የጠየቁት ልጆቹ ናቸው። እኛ ይህን ጥያቄ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈነው ቢሆን ኖሮ ማን ግድ ይለው ነበር? አሁን ግን መልሱን እስኪያገኙ ድረስ ወደ ቤት አንሄድም አሉ። ቆሻሻ የበዛበት ውኃ ኦክስጅን ያንሰዋል፤ ባለ ሦስት ጭራዎቹ ይህን አይችሉም። ቀዩ ትል የአንድ ዓይነት ትንኝ እጭ ነው፤ መቅላቱም በሰውነቱ ውስጥ እንደ እኛ ደም ኦክስጅን የሚይዝ ሄሞግሎቢን ስላለው ነው፤ ስለዚህ ሌላው በማይኖርበት ውኃ ይኖራል። አንድ ልጅ ይህን ከሰማ በኋላ ዝም ብሎ ቆየና “እኛ ሰፈር የሚያልፈው ይኸው ወንዝ ነው” አለ። ይህን ለልጁ ያስተማረው ከእኛ ማንም አልነበረም።

በዚያው ቀን በእንጦጦ ላይ ሌላ ትምህርት አገኘን፤ ተማሪዎቹም እኛው ነበርን። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው የተሸከሙ አንዲት እናት አጠገባችን ዐረፍ አሉ። ከልጆቹ አንዱ “እማማ፤ ይህ ባሕር ዛፍ ከዚያኛው ከጽዱ በምን ይለያል?” ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም “ልጆቼ፤ በጽዱ ሥር ለበግ የሚሆን ሣር ታገኛላችሁ፤ በዚህኛው ሥር ግን ብዙም የለም። ምነው፥ ይኼን ለማወቅ ነው ይኼን ሁሉ ዳገት የወጣችሁት?” አሉን። ልጆቹ ሳቁ፤ እኛም ትንሽ ዘግይተን ሳቅን። ከዚያም የተባለውን ለመመርመር ተነሡ። አራት ችካል ተክለው በሲባጎ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ሠሩ፤ አንዱን ከባሕር ዛፉ ሥር፥ ሌላውን ከጽዱ ሥር አድርገው በውስጡ የበቀለውን የተክል ዓይነት ቈጠሩ። ቈጠራው የእናታችንን ቃል አጸናው። ታዲያ አንዷ ተማሪ “ባሕር ዛፉ እንዲህ ከሆነ ለምን አይቈረጥም?” ስትል፥ ጓደኛዋ የእናታችንን ሸክም በዓይኗ አሳየቻት። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራልያ የመጣው ይህ ዛፍ ለከተማይቱ ማገዶና ማገር ሆኗታል፤ ለእሳቸውም የዕለት እንጀራ ነው። አንድ ነገር ጥቅምም ጉዳትም ሊኖረው እንደሚችል ልጆቹ በአንድ ቀትር ተረዱት።

ምናልባት ከእናንተ መካከል “ይህ ደስ የሚል የልጆች ሽርሽር ነው እንጂ ሳይንስ አይደለም” የሚል ይኖር ይሆናል። ለእርሱ አንድ ታሪክ እናስታውሰው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ለማጥናት ዐድዋ ሄደው ነበር። እዚያም ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ውስጥ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። በእንዶድ ማጠብ የጥንት ልማድ ነው፤ ከእርሳቸው በፊት በዚያ ጅረት ያለፈው ሰው ቍጥር የለውም። እርሳቸው ግን ቆሙ። ከላይኛው ውኃ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ሰብስበው፥ ከሚያጥቡት ሴቶች አንዷ የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርባቸው ለመኗት። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ከዚህ የተነሣው ምርምር ለብዙ ዓመታት ቀጠለ፤ እ.ኤ.አ. በ1989ም ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘላቸው። የሥራው መጀመሪያ ግን ያየነው ሁሉ በእጃችን አለ፤ አንድ ጅረት፥ አንድ ዕቃ፥ አንዲት ባለ ሙያ ሴት፥ አንድ ጥያቄ።

በሌላ አገርም ይህን ነገር እንደ ጨዋታ አልቈጠሩትም። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፥ እ.ኤ.አ. በ1943፥ ተማሪዎች ተፈጥሮን በሜዳ ላይ እንዲያጠኑ የሚረዳ ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1946ም ፍላትፎርድ በተባለ ቦታ በአንድ አሮጌ ወፍጮ ቤት የመጀመሪያውን የጥናት ጣቢያ ከፈቱ። እኛም ብንሆን ለእጅ ትምህርት እንግዶች አይደለንም። የአብነት ተማሪ ቀለሙን ራሱ ይበጠብጣል፤ ብራናውን ራሱ ይፍቃል። እረኛውም የእያንዳንዱን ቅጠል ጠባይ ያውቃል። በዘመናዊው ትምህርት ቤት ደጃፍ ስናልፍ ይህን ልማድ ከውጭ ለምን እንደ ተውነው ራሳችንን ልንጠይቅ ይገባናል።

ከአስተማሪዎች ጋር ስንነጋገር ሦስት ተቃውሞዎች ሰምተናል። ሦስቱም የሚናቁ አይደሉም።

አንደኛው ፈተና ነው። “መልቀቂያ ፈተና ስለ ወንፊትና ስለ ትል አይጠይቅም” ይሉናል። እውነት ነው። ነገር ግን ስለ ተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ይጠይቃል። ልጆቹን ሜዳ ላይ አንድ ሜትር ዘንግ አስተክለን ጥላውን አስለካናቸው፤ 80 ሳንቲ ሜትር ሆነ። በዚያው ሰዓት የአንድ ዛፍ ጥላ 16 ሜትር ነበር። ዛፉ 20 ሜትር መሆኑን ያለ መሰላል ያገኘው ልጅ፥ በክፍል ውስጥ ይህንኑ ሕግ በቃሉ ሸምድዶ ምን እንደሚሠራበት ያላወቀው ነው። አሁን አይረሳውም።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ያስፈለገንን ዘርዝረን ነግረናችኋል፤ ወንፊት፥ ሳሕን፥ ሲባጎ፥ ችካል። ውድ የሆነው ማጉያ መነጽሩና ቴርሞሜትሩ ነው፤ እርሱንም ለአንድ ቡድን አንድ ከሆነ በመዋጮ እንችለዋለን። እንጦጦ መሄድ ለማይቻለው ትምህርት ቤት የግቢው አጥር ሥር ይበቃል፤ ጉንዳን የሌለበት ግቢ አላየንም።

ሦስተኛው የልጆቹ ደኅንነት ነው። ይህ ከሁሉ ይበልጣል። ስለዚህ ወላጅ ሳይፈቅድ ማንንም አንወስድም፤ ለአምስት ልጆች አንድ ትልቅ ሰው እንመድባለን፤ ሲነጋ ወጥተን ፀሐይ ሳትጠልቅ እንመለሳለን፤ ሳሙናና ንጹሕ ውኃ እንይዛለን። ይህን የምናደርገው በተለይ ስለ ሴት ልጆች ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ብዙ ወላጆች ወንዱን ፈቅደው ሴቷን ከለከሉ። እኅቶቻችን ከዩኒቨርሲቲው አብረውን ቤት ለቤት ሄደው ካነጋገሯቸው በኋላ ግን ፈቀዱ። ስለዚህ እኅቶቻችን በዚህ ሥራ ውስጥ ከሌሉ ሥራው ግማሽ ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፤ እ.ኤ.አ. በ1964፥ የእንዶዱ ነገር በታየበት በዚያው ዓመት፥ በዚህ አገር የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀምሮ ነበር። ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች አንድ ሙሉ ዓመት ከትምህርታቸው ተለይተው በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ አብዛኞቹ ያስተምሩ ነበር። እኛ ዛሬ የምንለምናችሁ አንድ ዓመት አይደለም፤ በወር አንድ ቅዳሜ ነው። የሳይንስ ተማሪ መሆን ግዴታ አይደለም። የታሪክ ተማሪ ስለ ባሕር ዛፉ አመጣጥ፥ የቋንቋ ተማሪ በየአገሩ ስለሚጠሩት የዕፅዋት ስሞች ሊያስመዘግብ ይችላል። አንድ ነገር ብቻ እንለምናለን፤ ልጁ ሲጠይቃችሁ መልሱን ካላወቃችሁ “አላውቅም፤ አብረን እንየው” በሉት። እኛ ይህን ቃል ለመናገር አንድ ሙሉ ጉዞ ፈጅቶብናል።

የሚቀጥለው ጉዞ ሥራ ተወስኗል። ምድጃና ቴርሞሜትር ይዘን እንወጣለን፤ ገላጣና ድንጋያማ ቦታ መርጠን እሳቱን በጥንቃቄ እንይዛለን። ልጆቹ በትምህርት ቤታቸው ግቢ አንድ ጊዜ፥ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በእንጦጦ ራስ ላይ ደግሞ ሌላ ጊዜ ውኃ አፍልተው ያዩትን ይጽፋሉ። በላይኛው ቦታ ወደ 90 ገደማ እንደሚሆን እኛ እናውቃለን፤ ለእነርሱ ግን አንነግራቸውም። መጽሐፉንም ይዘው ይመጣሉ። ያዩት ቁጥርና በመጽሐፉ ያለው ቁጥር ሲለያይ እርሳሳቸውን ይዘው ወደ እኛ ዘወር የሚሉበት ጊዜ ይኖራል፤ የትኛውን እንጻፍ ብለው።

ያን ጊዜ አጠገባቸው የሚቆም ሰው ያስፈልገናል። ስማችሁን ለማስመዝገብ የምትፈልጉ ከስብሰባው በኋላ በበሩ አጠገብ እንጠብቃችኋለን።