ዝሆኑ ሲጠፋ ሰው ምን በላ?

  ዛሬም የማወራችሁ ከቤርሼባ፣ ከሽኩና ቤት፣ ከቤታችን ሳሎን ሆኜ ነው። የልጆች ጩኸት ከተሰማችሁ ይቅርታ፤ በዚህ ሙቀት መስኮት ዘግቶ መቀመጥ አይቻልም።

የዛሬውን ርዕስ ያመጣችው የእህቴ ልጅ ናት። ዘጠነኛ ክፍል ናት። ስለ ጥንት ሰዎች የቤት ሥራ ተሰጥቷት ኮምፒውተሯን ይዛ መጣችና «አጎቴ፣ እዚህ እስራኤል ውስጥ ሰዎች ዝሆን ይበሉ ነበር ይላል፣ እውነት ነው?» አለችኝ። አባቴ ከሶፋው ላይ ሆነው ሰሙና ሳቁ። «ሰኮናው አልተሰነጠቀ፣ አያመሰኳ፣ እንዴት ይበላል?» አሉ። እኔም መልስ ልስጣት ብዬ ማንበብ ጀመርኩ፤ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ አባቴው ጋ ስለሚደርስ እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ ቆዩ።

መልሱ አዎ፣ ይበሉ ነበር። ከዚህ ወደ ሰሜን በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ብትነዱ ኪቡጽ ረቫዲም ትደርሳላችሁ። እዚያ አጠገብ አርኪዮሎጂስቶች ግማሽ ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው የሰዎች መኖሪያ ቆፍረው አውጥተዋል። በ2022 አንድ ባዮሎጂስት በቦታው ሲዘዋወር ከመሬት ብቅ ያለ ነገር አየ። ሲቆፈር 2 ሜትር ተኩል ርዝመት ያለው፣ ወደ 150 ኪሎ የሚመዝን የዝሆን ጥርስ ሆነ። ያ የዝሆን ዓይነት ዛሬ የለም፤ ጠፍቷል። ትልልቆቹ እስከ 13 ቶን ይመዝኑ ነበር ተብሎ ይገመታል። የዛሬው የአፍሪካ ወንድ ዝሆን 6 ቶን ገደማ ነው፤ እናንተው አስሉት። በረቫዲም ከተገኙት አጥንቶች አንዱ የዝሆን ጎድን ነው፤ ላዩ ላይ በድንጋይ ስለት የተቆረጠበት ምልክት አለ። በድንጋይ መሣሪያዎቹ ላይም የስብ ቅሪት ተገኝቷል።

ለምን ዝሆን? ለምን እንደዚህ ያለ አደገኛ አውሬ? የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሚኪ ቤን-ዶር፣ አቪ ጎፈርና ራን ባርካይ መልሱ ስብ ነው ይላሉ። ሰው በቀይ ሥጋ ብቻ መኖር አይችልም፤ ጉበቱ ከተወሰነ በላይ ፕሮቲን አይችልም። ስብ ያስፈልገዋል። እናቶቻችን ጮማውንና ቅልጥሙን ለእንግዳ የሚያወጡት ያለ ነገር አይደለም። ትልቅ እንስሳ ደግሞ ብዙ ስብ አለው፤ አንድ ዝሆን የወደቀ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ይጠግባል።

ችግሩ ዝሆን ቶሎ አይራባም። እናቲቱ 22 ወር ታረግዛለች፣ የምትወልደው አንድ ነው፣ ሌላ እስክትወልድ አራት አምስት ዓመት ይፈጃል። ሚዳቋ ግን በየዓመቱ ትወልዳለች። ስለዚህ አዳኞቹ ብዙ ባይገድሉም፣ ከሚወለደው ትንሽ በለጥ አድርገው ከገደሉ በሺህ ዓመታት ውስጥ መንጋው ያልቃል። አንድ አዳኝ በዕድሜው ልዩነቱን አያይም። አያቱ ያዩትን መንጋ እሱ አላየምና የቀነሰ አይመስለውም።

ከቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ሌላ ጥናት የዚህን አገር ቁፋሮዎችና የአካባቢውን አጥንቶች በሙሉ ሰብስቦ መዘነ። ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ዓመት በፊት ሰው የሚያድናቸው እንስሳት በአማካይ 3 ቶን ይመዝኑ ነበር። ከ20 ሺህ ዓመት በፊት ግን 50 ኪሎ ብቻ። መጀመሪያ ዝሆኑ ጠፋ፣ መጨረሻ ላይ ሚዳቋ ቀረች። አጥኚዎቹ የአየር ንብረቱ ሲለዋወጥ ይህ ቁልቁለት አልተለዋወጠም፤ ስለዚህ ያጠፋው ሰው ነው ይላሉ።

ሁሉም ሳይንቲስት ግን በዚህ አይስማማም፤ ይሄንንም መስማት አለባችሁ። በ2018 ታይለር ፌይዝና ባልደረቦቹ የምሥራቅ አፍሪካን ቅሪተ አካል መርምረው፣ እዚያ ትልልቆቹ ሣርና ቅጠል በሎች መቀነስ የጀመሩት ከ4.6 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው አሉ። ያኔ ዝሆን የሚያድን ሰው ገና አልነበረም። ጫካው ወደ ሣር ሜዳ ስለተለወጠ ነው ይላሉ። እንግዲህ አፍሪካና ይሄ አገር አንድ ዓይነት ታሪክ ላይኖራቸው ይችላል። የእህቴ ልጅ «ታዲያ የቱን ልጻፍ?» አለችኝ። ሁለቱንም ጻፊ አልኳት።

አሁን ወደ ወላጆቻችን አገር እንሻገር። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አዋሽ ዳር፣ መልካ ቁንጡሬ የሚባል ቦታ አለ። በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኗል። እዚያ 700 ሺህ ዓመት ያለፈው ጭቃ ላይ የእግር ዱካ ተገኝቷል፤ የአዋቂም የትንንሽ ልጆችም። አጠገቡ የድንጋይ መሣሪያና የታረደ የጉማሬ አጥንት አለ። ልጆቹ ጭቃ እየረገጡ ትልልቆቹ ሲያርዱ ያዩ ነበር ማለት ነው። ትምህርት ቤታቸው እዚያ ነበር።

ከመልካ ቁንጡሬ ወደ ሰሜን ምዕራብ ደግሞ መተማ አለ። መተማን የማያውቅ ቤት በሽኩናችን የለም። በ1980ዎቹ ብዙ ቤተሰቦቻችን ወደ ሱዳን ሲሄዱ ያለፉት በዚያ በኩል ነው። በፈረንጆቹ መጋቢት 2024 ጆን ካፕልማን የሚባሉ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰርና ባልደረቦቻቸው በሽንፋ ወንዝ ዳር ያገኙትን «ኔቸር» መጽሔት ላይ አወጡ። ከ74 ሺህ ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎች መኖሪያ ነው። ያኔ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ቶባ የሚባል እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ነበር፤ ከ6 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የመጣ፣ በዓይን የማይታይ የቶባ ብናኝ እዚያው አፈር ውስጥ ተገኘ። የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ሲመረመር በዚያን ጊዜ ድርቁ እንደበረታ ታየ።

ሰዎቹ ግን አላለቁም። የሚበሉት ዝሆን አልነበረም፤ ሚዳቋ፣ ጦጣ፣ የሰጎን እንቁላል ነው። ድርቁ ሲብስ ዓሣው በዛ። ለምን? በበጋ ወንዙ መፍሰሱን ያቆምና ኩሬ ኩሬ ሆኖ ይቀራል። ኩሬው ባነሰ ቁጥር ዓሣው ይጠጋጋል፣ መያዝም ይቀላል። አንዱ ኩሬ ሲደርቅ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። አጥኚዎቹ እንደሚሉት ሰው ከአፍሪካ የወጣው እንደዚህ፣ የደረቀ ወንዝ እየተከተለ ሊሆን ይችላል።

ይሄንን አንብቤ ለአባቴ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ታዲያ ይሄ ሳይንስ ነው?» አሉኝ። ከዚያ ተረኩልኝ። በመንገዳቸው፣ ውሃ አልቆባቸው፣ መሪያቸው ከደረቀ ወንዝ መታጠፊያ ላይ አሸዋውን በእጁ ቆፍሮ ውሃ አወጣላቸው። ዝሆንም በበጋ እንዲሁ ያደርጋል። ቀጥሎ ኩሬ አገኙ፤ ዓሣው በእጅ ይያዛል፣ ግን አምባዛ ነው። አምባዛ ቅርፊት የለውም። ርቧቸው እያለ፣ ሽማግሌዎቹ ተያይተው ትተውት አለፉ።

ይሄን ታሪክ ከዚህ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ጥፋቱ የእኔ ነው። እስከ ዛሬ ስለ ጉዞው ስጠይቃቸው የምለው «ማን ሞተ? ስንት ሰው ቀረ?» ነበር። ታናሽ እህታቸው እዚያ መንገድ ላይ ቀርታለች፤ ይሄን ጥያቄ ስጠይቅ ተነስተው ሻይ ይጥዳሉ። ስለ ውሃው ስጠይቃቸው ግን ሁለት ሰዓት አወሩ። መጨረሻ ላይ፣ ሳልጠይቃቸው፣ የእህታቸውን ስም ጠሩ።

የመልካ ቁንጡሬዎቹ ልጆች ምን እንደተማሩ የምናውቀው ጭቃው ዱካቸውን ስለያዘልን ነው። የወላጆቻችንን የሚይዝ ጭቃ የለም፤ እኛ ነን የምንይዘው። ስለዚህ ቅዳሜ ቡና ሲፈላ አንድ ነገር ሞክሩ። ምን በላችሁ? ውሃውን ማን አገኘው? ብላችሁ ጠይቁ። ስልካችሁም ላይ ቅዱት።

የእህቴ ልጅ የቤት ሥራዋን አስረክባለች። የመጨረሻው ገጽ ላይ የአያቷን ኩሬ ጽፋለች፣ አምባዛውንም ጭምር።