ከኮርኒስ ስለ ወደቁት የጉጉት ጫጩቶች

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ ንግግር)



በዛሬው በዓል እንድንናገር ዕድል ሲሰጠን፥ ብዙዎቻችሁ ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ ወጣቶች ኃላፊነት የምንናገር መስሏችሁ ይሆናል። እኛ ግን የመረጥነው ስለ ሁለት የጉጉት ጫጩቶች ነው። ከኋላ ወንበር ሳቅ ይሰማናል፤ ሳቁ፥ ግድ የለም። እኛ ይህን ነገር የመረጥነው ለማሳቅ ሳይሆን፥ ከሁለቱ አንዱን በገዛ እጃችን ስለ ገደልን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2017 ዓ.ም. በኅዳር ወር መጨረሻ፥ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ሳለን፥ የአሮጌው የአዳሪዎች ቤት ኮርኒስ በክረምቱ ዝናብ በስብሶ ስለ ነበረ አናጢዎች ሊጠግኑት መጡ። በዚያ ቤት ያደራችሁ ሁሉ እንደምታውቁት፥ ማታ ማታ ከኮርኒሱ በላይ እባብ የሚተነፍስ የሚመስል ድምፅ ይሰማ ነበር። ከታናናሾቻችን ብርድ ልብስ ተከናንበው የሚጸልዩ ነበሩ፤ እኛም ትልልቆች ስለ ሆንን ዝም አልን እንጂ ፍርሃቱስ አልቀረልንም። አናጢው የማዕዘኑን ጣውላ በነቀለ ጊዜ ግን እባብም ሰይጣንም አልወጣም። ጥጥ የመሰለ ነጭ ላባ የለበሱ ሁለት ጫጩቶች ከነቆሻሻው ተንሸራተው ሲሚንቶው ላይ ወደቁ። ሌሎች ሁለት በወራጁ ላይ እንደ ተጣበቁ ቀሩና አናጢው ደንግጦ ጣውላውን መልሶ መታው።

ዘበኛችን ሮጠው መጡና አማተቡ። «ልጆቼ፥ ይህ እኮ ሞት ጠሪ ነው፤ ጉጉት የጮኸበት ቤት ሬሳ ይወጣበታል፤ ቶሎ አርቃችሁ ጣሉት» አሉን። ከመካከላችን ድንጋይ ያነሣም ነበር። እርሱ ዛሬ ከኛ ጋር እዚህ ቆሟልና ስሙን አንጠራም።

ይሁን እንጂ ትልቁ ጫጩት የቀኝ ክንፉን መሬት ለመሬት እየጎተተ፥ በዚያ ልብ በሚመስል ፊቱ ቀና ብሎ በተመለከተን ጊዜ፥ ድንጋዩ ከእጅ ወደቀ። ሁለቱን በካርቶን ውስጥ አድርገን ወደ መኝታ ክፍላችን ወሰድናቸው። ከዚያም ልባችን በርኅራኄ ስለ ተሞላ፥ ከወጥ ቤት ወተት ለምነን፥ ዳቦ ነክረን፥ አፋቸውን በግድ እየከፈትን በማንኪያ አጎረስናቸው። ትንሹ ሲያስለው ጠግቦ ነው አልን። ሲንቀጠቀጥም በርዶት ይሆናል ብለን ሹራብ አለበስነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ሞተ።

በማግሥቱ የባዮሎጂ መምህራችን ተቆጥተው፥ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚሁ በከተማችን በቢሾፍቱ እያለ ምን ስትጠብቁ ነበር አሉን። እውነታቸውን ነው፤ በበሩ ስናልፍ የኖርን ነን። የሞተውንም ያለውንም ይዘን ሄድን። ያገኘነው ዶክተር ሁሉንም ከሰማ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀን፤ «እናንተ ልጆች፥ ወፍ ጡት ትጠባለችን?» አለ። የሚመልስ ጠፋ።

በኋላ ግን አስቀምጦ አስረዳን። ወፍ ወተት የማትጠጣ ፍጥረት ስለ ሆነች የወተትን ስኳር የሚፈጭ ነገር በሆድዋ የለም። ከዚህም የከፋው፥ የወፍ የመተንፈሻ ቧንቧ የሚከፈተው ከምላስዋ ሥር ስለ ሆነ፥ በማንኪያ የምናፈስሰው ሁሉ ወደ ሳንባ ሊወርድ ይችላል። ትንሹ ያስለው የነበረው ጠግቦ ሳይሆን እየሰጠመ ነበር። ትንሽ የሆነበትንም ምክንያት ነገረን፤ ጉጉት ዕንቁላልዋን በሁለትና በሦስት ቀን ልዩነት እየጣለች፥ መታቀፍ የምትጀምረው ግን ከመጀመሪያው ዕንቁላል ስለ ሆነ፥ ልጆችዋ በዕድሜ ይበላለጣሉ። እኛ ገና ሳንነካው ደካማ ነው ያልነው፥ ደካማ ሳይሆን የመጨረሻ ልጅ ነበር።

የትልቁ ክንፍ ተሰብሮ ነበር። ዶክተሩ አጥንቱን አስተካክሎ ክንፉን ከሰውነቱ ጋር በፋሻ አሰረውና፥ የወፍ አጥንት ቶሎ የሚጠግን ስለ ሆነ በሦስት ሳምንት ገደማ ይፈታል አለን። በግቢው ውሾች ስለሚጮኹ ከኛ ዘንድ ቢሰነብት እንደሚሻል ነገረን፤ ነገር ግን የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 መኖሩን አስታውሶ፥ «ልታሳድጉት ሳይሆን ልትመልሱት ነው የምሰጣችሁ፤ ለሚመለከተውም ክፍል እኔ አስታውቃለሁ» አለ። ሰው የነካውን ጫጩት እናቱ አትቀበለውም ይባላል ብንለው፥ ይህ ወሬ ነው፤ እናቲቱ የቀሩትን ሁለቱን እስከ መገበች ድረስ ሦስተኛውንም ትመግበዋለች ሲል መለሰልን።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የኛ ሥራ አይጥ ማጥመድ ሆነ። ጫጩቱ በሌሊት ሦስትም አራትም አይጥ ይበላል፤ እርሱም ከነጠጉሩ ከነአጥንቱ መሆን አለበት እንጂ ሥጋ ብቻ ቢሆን አጥንቱ አይጠነክርም። ወጥመዶቻችንን በእህል መጋዘኑና ከግቢው ውጭ ባለው ወፍጮ ቤት አኖርን። ችግሩ በመጋዘኑ የአይጥ መርዝ ይጨመር ነበር፤ መርዝ የበላ አይጥ ደግሞ የበላውን ጉጉት ይገድላል። ሄደን መርዙ እንዲነሣ ለመንን፤ የመጋዘኑ ኃላፊ ግን «አንድ ወፍ ትብሳለች ወይስ የ300 ተማሪ ቀለብ?» አሉን። ጥያቄአቸው የማይረባ አልነበረም። በመጨረሻ፥ ማለዳ ማለዳ በወጥመድ የያዝነውን አይጥ ቆጥረን እንድናሳያቸው ተስማማን። በስድስተኛው ቀን ቁጥራችን 31 ሲደርስ መርዙን ራሳቸው ሰበሰቡት።

ጉጉት ያልፈጨውን ጠጉርና አጥንት ጠቅልሎ በአፉ መልሶ ይተፋዋል። መጀመሪያ ስናየው ታመመብን ብለን ነበር፤ ኋላ ግን እነዚያን ጥቁር ጥቅልሎች ወደ ላቦራቶሪ ወስደን በመርፌ ፈታናቸው። ከአንዱ ጥቅል ውስጥ ሦስት የአይጥ ራስ ቅል ከነጥርሱ ወጣ። ከመጽሐፍ የአጥንት ስም ስንሸመድድ ከኖርንበት ጊዜ ሁሉ በዚያ ከሰዓት በኋላ የበለጠ ተማርን፤ መምህራችን ይህን በመስማታቸው እንደማይቀየሙን ተስፋ እናደርጋለን።

ከሁሉ የከበደን ግን ዝምታው ነበር። ዶክተሩ አታናግሩት፥ አታሻሹት፥ ስም አታውጡለት፤ ሰውን ከለመደ በመጀመሪያው ሰፈር በድንጋይ ይሞታል ብሎ አስጠንቅቆን ነበር። ስለዚህ ምግቡን በጨርቅ ተከልለን በወረንጦ እየሰጠን ወዲያው እንወጣ ነበር። ከታናናሾቻችን አንዱ በድብቅ ስም አውጥቶለት ሲጠራው ደረስንበት፤ ተቆጣነው፤ እርሱም አለቀሰ። እኛም ስሙን እስከ ዛሬ አልረሳነውም፥ ነገር ግን አንናገረውም።

ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ፋሻው ከተፈታ በኋላ፥ ፀሐይ ስትጠልቅ በመሰላል ወጥተን ጫጩቱን በማዕዘኑ ቀዳዳ መለስነው። በግቢው ዛፍ ሥር ተቀምጠን ብንጠብቅም ምንም ሳናይ የመኝታ ደወል ተደወለ። ሌሊቱን የሚነቁት ዘበኛችን ብቻ ናቸው። ጠዋት ሄደን ስንጠይቃቸው፥ ደስ ሳይላቸው፥ «ያቺ ነጭ መጣች፤ ድምፅ የላትም፥ እንደ ጢስ ናት፤ ባፍዋ ይዛ ገባች» አሉን። ከሰባት ቀን በኋላ ግን ሳንጠይቃቸው ራሳቸው መጡ። «ትናንት ጨረቃ ነበረች፤ ቀዳዳው አፍ ላይ ተደርድረው አየኋቸው፤ ሦስት ናቸው» አሉና እንደ ልማዳቸው አማተቡ።

በዚህ ዓመትም በኅዳር ወር ያ ድምፅ ከኮርኒሱ በላይ ተሰምቷል። አሁን ግን አሮጌው ቤት በሚመጣው ክረምት አዲስ ቆርቆሮ ሊለብስ፥ ማዕዘኑም ሁሉ ሊዘጋ ስለ ሆነ፥ እኛም ከዚህ ግቢ ስለምንወጣ፥ ለበዓሉ ኮሚቴ አንድ ልመና አለን። በእጅ ሥራ ክፍል ቁመቱ 65፥ ርዝመቱ 60፥ ወርዱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ የጣውላ ሣጥን ሠርተናል፤ ጫጩቶች እንዳይወድቁ በሩ ከወለሉ ከፍ ያለ ነው። ቦታውም ከእህል መጋዘኑ በስተኋላ ባለው ግድግዳ ላይ፥ ከጣሪያው ሥር ቢሆን፤ የመጋዘኑ ኃላፊ ፈቅደዋል። ሣጥኑ በክፍሉ በር አጠገብ ተቀምጧል፤ የጎደለው ረዥም መሰላል ብቻ ነው።