መለያየትን በእውነት ስለ መናገር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



በዚህ ታላቅ ቀን ስለ ሁለት የቴሌቪዥን ትርኢቶች ልናገር መቆሜን ስትሰሙ ምናልባት ትገረሙ ይሆናል። «ይህን ሁሉ መጽሐፍ ትቶ ከቴሌቪዥን ምን ቁም ነገር አገኘ?» የሚልም አይጠፋም። ነገር ግን እኔ ልናገር ያሰብሁት ስለ መለያየት ነው። እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በቅርቡ ከዚህ ግቢ ስለምንወጣ ነገሩ ይመለከተናል። ሁለቱም ትርኢቶች በአሜሪካ የታዩት እኔ ከመወለዴ ብዙ አስቀድሞ፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1983 ዓ.ም. ነው። ሌሎቹንም ዘመኖች የምጠራው በዚያው አቆጣጠር ነው።

የመጀመሪያው «ማሽ» ይባላል። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ከጦር ሜዳው አጠገብ በድንኳን ውስጥ ቁስለኞችን ያክሙ ስለ ነበሩ ሐኪሞች የሚናገር ተከታታይ ትርኢት ነው። ያ ጦርነት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከ1951 ጀምሮ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን ተዋግተውበታል፤ ከ120 የሚበልጡትም ሕይወታቸውን ሰጥተውበታል። ጦርነቱ የቆየው ከ1950 እስከ 1953 ሦስት ዓመት ሲሆን፥ ትርኢቱ ግን ከ1972 እስከ 1983 ዘለቀ። የመጨረሻውን ክፍል ያዘጋጀው ዋናው ተዋናይ አለን አልዳ ራሱ ነው። ፌብሩዋሪ 28 ቀን በታየበት ማታ ከ100 ሚሊዮን በላይ አሜሪካውያን ተመልክተውታል።

በዚህ ክፍል መጀመሪያ ሆክአይ የተባለው ቀልደኛ ሐኪም አእምሮው ታውኮ በሕሙማን ቤት ተኝቶ እናየዋለን። ከስደተኞች ጋር በአውቶቡስ ሲጓዝ ጠላት በመንገዱ አጠገብ መጣ፤ ሁሉም ዝም እንዲሉ ታዘዘ። አንዲት ሴት የያዘቻት ዶሮ ግን አልተወችም ነበር። ሆክአይ ተቆጣ፤ ሴትዮዋም ዶሮዋን አፍና ገደለቻት። ለሐኪሙ ደጋግሞ የነገረው ታሪክ ይህ ነበር። በመጨረሻ ግን እውነቱ ትዝ አለውና አለቀሰ። ለካ ዶሮ አልነበረችም፤ ሕፃን ልጅዋ ነበር። ልቡ እውነቱን መሸከም ስላቃተው በዶሮ ለውጦ ሸሸገው፤ የሸሸገውም ነገር አሳመመው። ሕመሙ መሻል የጀመረው እውነቱን በገዛ አፉ ከተናገረ በኋላ ነው።

ጦርነቱም አበቃና ሁሉም ወደ አገሩ ሊመለስ ሆነ። ሆክአይ ቢ ጄ የሚባል የልብ ጓደኛ ነበረው። ይህ ሰው «ደኅና ሁን» ማለትን እንደ ሞት ይፈራ ነበር። «እንገናኛለን» እያለ ነገሩን ያልፈዋል እንጂ ቃሉ ከአፉ አይወጣም። ሆክአይ ይህን ያዝንበት ነበር። የመጨረሻው ሄሊኮፕተር ሆክአይን ይዞ ሲነሣ ቁልቁል ቢመለከት፥ ጓደኛው ድንጋይ ለቅሞ በመሬቱ ላይ በትልልቅ ፊደል የስንብቱን ቃል ጽፎለት ኖሯል። በአፉ መናገር ያቃተውን በእጁ ተናገረው።

ሁለተኛው ትርኢት የሕፃናት ነው፤ «ሴሰሚ ስትሪት» ይባላል። በዚያ መንደር ሚስተር ሁፐር የሚባሉ ልጆች የሚወዷቸው ሽማግሌ ባለ ሱቅ ነበሩ። እሳቸውን ሆኖ የሚጫወተው ዊል ሊ በዲሴምበር 1982 አረፈ። አዘጋጆቹም ተጨነቁ። ሌላ ተዋናይ በቦታው ማስገባት፥ ወይም ሽማግሌው ወደ ሌላ አገር ሄዱ ማለት ይቻል ነበር። እነርሱ ግን ስለ ሕፃናት ጠባይ የተማሩ ሰዎችን አማክረው፥ ለልጆቹ እውነቱን መናገር መረጡ። ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር በቤት የሚውሉበትን የምስጋና በዓል፥ ኖቬምበር 24 ቀን 1983ን ጠብቀው አሳዩት።

በዚያ ክፍል ቢግ በርድ የተባለው ቢጫ ወፍ፥ ቁመቱ እንጂ ልቡ የስድስት ዓመት ሕፃን ልብ ነውና፥ የጎረቤቶቹን ሁሉ መልክ ሥሎ ለየራሳቸው ያድላል። የሚስተር ሁፐርን ሥዕል ይዞ ግን ይፈልጋቸዋል። ትልልቆቹ መሞታቸውን ያስታውሱታል። እርሱም እንግዲያው ሲመለሱ እሰጣቸዋለሁ ይላል። ሰው ከሞተ በኋላ እንደማይመለስ ቀስ ብለው ይነግሩታል። ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ ሲጠይቅም የሐሰት ምክንያት አልፈጠሩለትም። አብረውት አዘኑ።

ይህን ባየሁ ጊዜ አያቴ ትዝ አሉኝ። ሲያርፉ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ሰው ሁሉ ጥቁር ለብሶ ሳይ፥ «እማማ ጠበል ሄደዋል» ተባልሁ። ያን ጊዜ ፊደል ቈጥሬ ጨርሼ ስሜን መጻፍ ጀምሬ ስለ ነበር፥ ደብተሬን ላሳያቸው እስኪመለሱ ድረስ በየማታው በር ላይ ቁጭ እል ነበር። አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ በጨዋታ መካከል እውነቱን ነገረኝ። ከሞታቸው ይልቅ ብቻዬን ሳላለቅስላቸው መቅረቴ አሳዘነኝ። ወላጆቼን አልወቅስም፤ ይህን ያደረጉት በፍቅር ነው። ነገር ግን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል፤ በእኔ ላይ የነጋው ሰው በሌለበት ነበር።

አባቶቻችን መርዶ ሲነግሩ ያላቸውን ጥበብ አስቡ። በውድቅት ሌሊት አይነግሩም፤ ዘመድ ይሰበስባሉ፥ ጎሕ ሲቀድ ይመጣሉ፥ ሐዘንተኛውን ይደግፋሉ። እውነቱን አያስቀሩም፤ አብረው ይሸከሙታል እንጂ። እንግዲህ ለትልቅ ሰው የምናደርገውን ይህን ደግነት ለልጅ ስለ ምን እንነፍገዋለን? ልጅም እንደ ዐቅሙ ሐዘንተኛ ነውና የሚደግፈው እጅ ይፈልጋል።

ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፥ በቤታችሁ ሞት ሲገባ ታናናሾቻችንን አቅፋችሁ እውነቱን እንድትነግሯቸው በትሕትና እለምናችኋለሁ። እናንተም ጓደኞቼ፥ «እንገናኛለን» ብለን ብቻ አንለያይ። ከእኛ አንዳንዱ ወደ ዩኒቨርሲቲ፥ አንዳንዱ ወደ ሥራ፥ አንዳንዱም ወደ ውጭ አገር ይሄዳል፤ እንደ ዛሬው ሁላችንም በአንድ አዳራሽ የምንቀመጥበት ቀን ላይመለስ ይችላል። ያስቀየማችሁትን ይቅርታ ጠይቁ፤ የረዳችሁን አመስግኑ፤ ይህንም ቃሉ በአፍ ሳለ አድርጉት። ድንጋይ ለመልቀም ጊዜ የሚያገኝ ሁሉም ሰው አይደለም።

እኔም የመከርሁትን ራሴ ልፈጽም። መምህራኖቼ፥ ስላስተማራችሁኝ አመሰግናለሁ። ጓደኞቼ፥ ያስቀየምኋችሁ ካላችሁ ይቅር በሉኝ። እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።

ደኅና ሁኑ።